ድር ቢያብር ተባለ እንጂ ዕዳ ቢያብር አልተባለም

ኧረ ጎበዝ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙልኝ! ይኼ ወዳጃችን ዛሬም ማኪያቶ አዝዞ ተንታኝ ሆኗል። ከንፈሩ ላይ አረፋ፣ ከአረፋው በላይ ወሬ። «የኬንያ አየር መንገድና የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ ይዋሃዳሉ። ያን ቀን ቦሌ ሣር ይበቅልበታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!» አለና ጠረጴዛውን መታ። ስኒው ብድግ አለ። ከዚህ ሁሉ ትንታኔ ከመሬት የተነሳው ስኒው ብቻ ነው።

ወንድሜ፣ ተረቱን ከግማሹ ነው የያዝከው። ድር ቢያብር ተባለ እንጂ ዕዳ ቢያብር አልተባለም። ድር ከድር ሲገመድ ገመድ ይወጣዋል። ዕዳ ከዕዳ ሲገመድ የሚወጣው ሐራጅ ነው። ገመድ አንበሳ ያስራል። ዕዳ የሚያስረው ባለዕዳውን ነው።

«ትንንሾች ሲደመሩ ትልቅ ይሆናሉ» ትላለህ። የሚያፈስ እንስራ ከሚያፈስ እንስራ ጋር ብታስር ሐይቅ አይሆንልህም፤ ቤቱ ሁለት ቦታ ይረጥባል። የሁለቱን አውሮፕላን ደምረህ ብታሰልፈው ደግሞ ከ140 በላይ አውሮፕላን ያለውን የኢትዮጵያ አየር መንገድን የቦሌ ሰልፍ ግማሽ አይሞላም። መደመር ጥሩ ነው። የሚደመረውን መቁጠር ግን ይቀድማል።

እስቲ ኪሳቸውን እንይ። የኬንያው እ.ኤ.አ. በ2024 ትርፍ ሲያስመዘግብ ከ11 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በፊት በ2017 ብድሩ አልገፋ ሲለው፣ አበዳሪ ባንኮች ገንዘባቸውን ወደ አክሲዮን ለውጠው 38 በመቶ ገደማ ባለቤት ሆኑ። አስበው! ዕዳ ሊቀበል የመጣ ሰው ሳሎንህ ውስጥ ፍራሽ ዘርግቶ ሲተኛ። የደቡብ አፍሪካው ደግሞ በዲሴምበር 2019 ከኪሳራ የሚታደጉ አስተዳዳሪዎች ተሾሙለት፣ በረራው ቆመ፣ እንደገና ሰማይ ያየው በሴፕቴምበር 23 ቀን 2021 ነው። በዚያ ዘመን የበረረው ብሩ እንጂ አውሮፕላኑ አልነበረም። አውሮፕላን ሲያርፍ ይጨበጨባል፤ አየር መንገድ ሲያርፍ ግን ድንኳን ይጣላል። አንተ ከድንኳኑ የሠርግ ዘፈን ሰማሁ ብለህ እስክስታ ጀመርክ።

ሠርጉንም እንየው። በሴፕቴምበር ከአልጋ የተነሳው ሙሽራ በኖቬምበር 2021 ከኬንያው ጋር የአጋርነት ስምምነት ፈረመ። የያኔው የኬንያ ፕሬዚዳንት ኬንያታ ደቡብ አፍሪካን በጎበኙበት ሰሞን ነው። ዓላማው አንድ አፍሪካ አቀፍ የአየር መንገድ ቡድን ማቋቋም፣ ቀጠሮው 2023። ከአልጋ በተነሳ በሁለት ወሩ! እኛ ሰፈር ከወባ የተነሳ ሰው እንኳ ሁለት ወር አጥሚት ይጠጣል እንጂ ሽማግሌ አይልክም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም። ሙሽራው ያኔ የታጨ ነበር! በጁን 2021 የደቡብ አፍሪካ መንግሥት የአየር መንገዱን 51 በመቶ ድርሻ ታካትሶ ለተባለ የግል ባለሀብቶች ስብስብ ለመስጠት ተስማምቶ ነበር። የድርሻው ዋጋ 51 ራንድ። አዎ፣ ሃምሳ አንድ ራንድ፤ ለአንድ በመቶ አንድ ራንድ። በላዩ ላይ ባለሀብቶቹ 3 ቢሊዮን ራንድ ሊያፈሱበት ነበር። በአንድ እጅ ቀለበት፣ በሌላው እጅ ብዕር! ያም ጋብቻ በማርች 2024 ፈረሰ። የናይሮቢው ቀጠሮ ደግሞ፣ 2023 መጣ፣ 2023 ሄደ፣ ቡድኑ የለም። አንተ ግን አሁንም ጠላ ጥመቁ ትላለህ። ጌሾው ሻገተ እኮ ወንድሜ!

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አባቶቻችን ይህን ሲተርቱ አውሮፕላን አልነበረም። አንተን ግን ከሩቅ አይተውሃል።

አስተናጋጅ፣ ወዳጃችን ሁለተኛ ማኪያቶ ጠይቋል፣ አምጣለት። የቀዘቀዘው ወሬ በትኩስ ቡና ይሞቅለት።

«ተዋህደው ወጪ ይቀንሳሉ» አልክ? በምን? ኬንያ የምታበረው ቦይንግና ኤምብራየር ነው። ደቡብ አፍሪካ የምታበረው በአብዛኛው ኤርባስ ነው። የቦይንግ 737 አብራሪ ከወንበሩ ተነስቶ ኤርባስ 320 ላይ እንደ ሚኒባስ ሹፌር ገብቶ አይቀመጥም። ለዚያ አውሮፕላን እንደ አዲስ ሠልጥኖ ፈቃድ ማውጣት አለበት። አንደኛው ፊት ለፊት ባለ መሪ ይበራል፣ ሌላው በጎን ባለች አጭር ዘንግ። ቴክኒሺያኑ ሌላ፣ መለዋወጫው ሌላ፣ የመለማመጃ ማሽኑ ሌላ። የውህደት ትርፉ አንድ መጋዘን፣ አንድ ሥልጠና፣ አንድ ሞተር ነው። አንተ የላዳ ፍሬን ሸራ ለቪትዝ ልትገጥም ነው። ገጥመህ ደግሞ ቁልቁለት ልትነዳው ነው። ተሳፋሪ አድርገህ የቆጠርከውም እኛን ነው!

«ቦሌ ከፍታው ያስቸግረዋል፣ አውሮፕላን ከባድ ጭነት ይዞ አይነሳም» ብለህ ደግሞ የሳይንስ መምህር ሆንክ። እውነት ነው፣ ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ናይሮቢስ? 1,600 ሜትር። ጆሃንስበርግስ? 1,700 ገደማ። ሦስቱም ተራራ ላይ ናቸው። የሁለት ተራራ ውህደት ሜዳ አይሆንም! ፈርመው ሲጨርሱ ናይሮቢ ወርዳ ሞምባሳ አጠገብ አትቀመጥም። ስለ ጭነት ክብደት ሲወራስ አንተ ባትገባበት ደግ ነው። የምታውቀው ኪሎ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎን ብቻ ነው።

ካርታ አምጡለት! ጆሃንስበርግ የአህጉሩ ጫፍ አጠገብ ናት። ከሌጎስ ተነስቶ ጓንዡ ሸቀጥ ሊያመጣ የሚሄድ ነጋዴ ስድስት ሰዓት ገደማ ቁልቁል ወርዶ፣ ጆሃንስበርግ ደርሶ፣ ከዚያ ተመልሶ ሽቅብ እስያ ይሂድልህ? ይህ ትራንዚት አይደለም፣ ስደት ነው። የቦሌ ጥቅም አስማት የለውም። ከምዕራብና ከደቡብ አፍሪካ ወደ መካከለኛው ምሥራቅና እስያ በሚያልፈው መስመር ላይ መቀመጡ ነው። ማታ ከአፍሪካ ከተሞች የመጣውን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደ ሌላው ዓለም ይበትነዋል፣ ጠዋት ደግሞ ከሌላው ዓለም የመጣውን ወደ አፍሪካ ከተሞች። አንድ ገበያ፣ አንድ ሰዓት፣ ብዙ መንገደኛ። የአንተ ውህድ ግን ልቡ ሁለት ቦታ ነው፣ በመካከሉ አራት ሰዓት ገደማ በረራ አለ። ልቡ ናይሮቢ የሚመታ፣ ሳንባው ጆሃንስበርግ የሚተነፍስ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ሐኪም ቢያየው ስቴቶስኮፑን ጥሎ ይሮጣል።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብለህ ተረት ወረወርክ። እንካ መልሱን፤ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ደግሞም ባላ የሚተከለው ሳይሰበር ነው ጌታዬ!

አሁን ደግሞ ክራቫት አጥብቀህ «ፈረንጆቹ ተዋህደው የለም ወይ?» አልክ። ተዋህደዋል። ኤር ፍራንስና ኬ.ኤል.ኤም. በ2004 በአንድ ባለቤት ጥላ ሥር ገቡ። ግን ከፓሪስ አምስተርዳም በባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሁለቱም በአንድ የአውሮፓ ገበያ፣ በአንድ የአየር ሕግ ውስጥ ናቸው። ያም ሆኖ ሁለቱም ስማቸውን እንደያዙ፣ በየራሳቸው ፈቃድ ይበራሉ። አሜሪካም ውስጥ አላስካ አየር መንገድ የሃዋይን አየር መንገድ በ1.9 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ በ2024 ጉዳዩን ዘጋ። አንድ አገር፣ አንድ ሕግ፣ አንዱ የሰሜን ምዕራብ መስመር ያለው፣ ሌላው የደሴቶቹን። አንዱ ሽሮ ይዞ መጣ፣ ሌላው እንጀራ፣ ማዕድ ሆነ። አንተ ያመጣሃቸው ሁለቱም ባዶ ሰሃን ይዘው «ምሳ ምንድን ነው?» ይባባላሉ።

ሕጉስ? አገሮች እርስ በርስ በሚፈራረሙት የበረራ ስምምነት ውስጥ አንዲት ጠንካራ አንቀጽ አለች። አየር መንገዱ በአገሩ ሰዎች የተያዘና የሚመራ መሆን አለበት ትላለች። ኬንያዊ የሆነው በኬንያ መብት ይበራል፣ ደቡብ አፍሪካዊ የሆነው በደቡብ አፍሪካ መብት። ሁለቱ ቀልጠው አንድ ሲሆኑ ያ አንዱ የማን ነው? ለንደን የማረፍ መብቱን በየትኛው ፓስፖርት ይጠይቃል? አንተ ሁለት አየር መንገድ አዋህደህ አንድ አገር አልባ ልታሳድግ ነው። ኢሚግሬሽን በር ላይ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ ታየኝ!

ወንበሩስ? ሁለት ሊቀመንበር፣ ሁለት ሥራ አስኪያጅ፣ ሁለት መንግሥት፣ ሁለት ባንዲራ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ ይሁን ቢባል ጆሃንስበርግ ያኮርፋል። ጆሃንስበርግ ይሁን ቢባል ናይሮቢ ሻንጣውን ያነሳል። ጅራቱ ላይ ማን ይሣል? አንተ ክንፉን እያሰብክ ትፎክራለህ፣ እነሱ ገና ጅራቱ ላይ ይጣላሉ።

«አዲስ ሐሳብ ስለሆነ አልገባህም» አልከኝ። አዲስ? ይህ ሐሳብ ጡረታ ወጥቶ፣ ጡረታውንም በልቶ ጨርሷል! የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ በ1946 ሥራ ጀመረ። ኬንያ፣ ዩጋንዳና ታንዛኒያ በጋራ ያዙት። አገሮቹ ተቀያየሙ፣ መዋጮና ዕዳ አጣላቸው፣ በ1977 ፈረሰ። ከፍርስራሹ ምን ተወለደ መሰለህ? የኬንያ አየር መንገድ! የምትድረው ልጅ ራሱ የፍቺ ልጅ ነው። ጋብቻ ስትለው ለምን እንደሚደነግጥ አሁን ገባህ?

ሌላ ልጨምርልህ፣ ሆድህ ይሙላ። ኤር አፍሪክ። በ1961 በያውንዴ ውል 11 አገሮች ተማማሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው እንዲደርስ ነበር። በ1994 የአብዛኞቹ አገሮች መገበያያ የሆነው የሴፋ ፍራንክ ዋጋ በግማሽ ሲቀንስ፣ በውጭ ገንዘብ የነበረበት ዕዳ በአንድ ሌሊት እጥፍ ሆነ። በ2002 ተዘጋ። ሎሚ ሲሆን ለሃምሳ ይካፈላል፤ ዕዳ ሲሆን ግን አርባ ዘጠኙ መንገድ አለብኝ ብለው ይነሳሉ። 11 አገር ያልያዘውን አንተ በሁለት ልትይዘው፣ ያውም በማኪያቶ ጉልበት!

ሦስተኛ ማኪያቶ? ይምጣለት። ወዳጃችን ክርክሩ ባይነሳለት እንቅልፍ ይነሳለት።

አሁን ደግሞ፣ ታዘቡልኝ ጎበዝ፣ ከሱሪው ኪስ አዲስ ሐሳብ አወጣ። «እንግዲያው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁለቱንም ይዋጣቸው!» አለ። ከፍርሃት ወደ ፉከራ ለመሻገር ትራንዚት እንኳ አላደረገም፣ ቀጥታ በረራ! ወንድሜ፣ የሚዋጥ ነገር መጀመሪያ ይታኘካል። የቦሌዎቹ ሰዎች መዋጥ አልመረጡም፣ መጎራረስን እንጂ። ሎሜ ላይ በ2010 ሥራ የጀመረውን አስካይን ከአገሬው ጋር በሽርክና አቆሙ። በማላዊ አየር መንገድ 49 በመቶ፣ በዛምቢያ አየር መንገድ 45 በመቶ ያዙ። ከግማሽ በታች መሆኑን ልብ አልክ? ባለቤቱ አገሬው ነው፣ መብቱም ባንዲራውም የእሱ፤ ከአዲስ አበባ የሚሄደው አውሮፕላንና ሙያ ነው። ጎረቤት ስታጎርሰው ይመርቅሃል፤ ልዋጥህ ስትለው ጉሮሮህ ላይ ይቆማል።

ሁለቱንም ደግሞ አትናቃቸው፣ እኔ አልናቅኳቸውም። የደቡብ አፍሪካው በ1934 የተመሠረተ አንጋፋ ነው፤ የእኛው በ1945 ሲመሠረት እሱ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። የኬንያው በ1996 ኬ.ኤል.ኤም.ን 26 በመቶ ይዞ እንዲገባ ሲያደርግ ብዙ የአፍሪካ አየር መንገዶች ሊቀኑበት የሚገባ እርምጃ ነው የወሰደው። ያ ጥምረት የተሻለ የሠራው ሆላንዱ አምስተርዳምን፣ ኬንያው ናይሮቢን ይዞ ስለመጣ ነው፤ አንዱ ያጣውን ሌላው አመጣ። በየሃንጋሩ ቅባት የነካው እጅ፣ ሌሊት ኮክፒት ውስጥ የነቃ ዓይን፣ ናይሮቢም ጆሃንስበርግም ያው ክቡር ነው። እነሱ ሲጠነክሩ እኔ እጠቀማለሁ፤ ተፎካካሪ ሲጎለብት ቲኬት ይረክሳል። የጠማን ርካሽ ቲኬት ነው፤ ርካሽ ወሬማ አንተ በነፃ ታድላለህ።

መዋሃድ ያለበትን ልንገርህ? ሰማዩ! ጅራት አዋህደህ ሰማዩ እንደተከፋፈለ ቢቀር ምን ዋጋ አለው? ያሙሱክሮ ላይ በ1999 የአፍሪካ መንግሥታት ሰማያቸውን ለአፍሪካ አየር መንገዶች ለመክፈት ወሰኑ። በጃንዋሪ 2018 እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ፣ ነጠላው የአፍሪካ አየር ትራንስፖርት ገበያ በ23 አገሮች ተበሰረ። ኢትዮጵያም፣ ኬንያም፣ ደቡብ አፍሪካም አሉበት። ፊርማው አለ። ሠርጉ ተደግሷል። የቀረው በሩን መክፈት ነው። የናይሮቢ አውሮፕላን ሌጎስ አርፎ፣ ከሌጎስ አክራ የሚሄደውን ሰው ያለ ሰባት ማኅተም ይጫን። የአዲስ አበባው እንዲሁ። የጆሃንስበርጉ እንዲሁ። ያኔ ትንሹ ለመኖር ትልቅ ማግባት አያስፈልገውም፣ መንገደኛ ያገኛል፣ በመንገደኛው ያድጋል። ዛሬ እኮ አፍሪካዊ ጎረቤቱ አገር ለመድረስ አንዳንዴ አውሮፓ ዞሮ ይመጣል። አክስቱን ከግድግዳ ማዶ ለመጠየቅ በውቅያኖስ ማዶ የሚዞር ሕዝብ እያለ፣ አንተ የሁለት ኩባንያ ማኅተም አንድ ላይ መምታት ታየህ።

ሰማዩ አንድ ከሆነ አየር መንገዶቹ ብዙ ቢሆኑ በረከት ነው። ሰማዩ ብዙ ከሆነ አየር መንገዶቹ አንድ ቢሆኑም አንዱ በሁሉም በር ላይ ቆሞ ያንኳኳል። በር የሚከፍተው ቁልፍ እንጂ የሁለት አንኳኪ ውህደት አይደለም!

በቃ? አይ፣ አልበቃም፣ እዩት ጎበዝ! አስተናጋጁ ሂሳብ ይዞ መጣ፣ ወዳጃችን ጭራሽ ተነሳሳ። «በል ሂሳባችንን እናዋህደውና እኩል እንካፈል» ይለኛል። ሦስት ማኪያቶ እሱ፣ አንድ ሻይ እኔ! አያችሁ? ውህደት የሚወደው ለምን እንደሆነ አሁን ተገለጠ። ቁጭ በል ወንድሜ፣ የሻዬ ይኸው። ድር ካመጣህ አብረን እንፈትላለን። ዕዳህን ግን ራስህ ተሳፈርበት።